ስድስት ቃል ከሁለት ፊደል

ወዳጄ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። እኔ በጅኒ፣ በቡዳ፣ በሙት መንፈስ፣ በዚህ ዓይነት ነገር ሁሉ የማላምን ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ እወጣ ነበር፣ በመሥሪያ ቤትም «ደረቁ ደምሴ» ያሉኝ ለዚሁ ነው። አሁን የምነግርህን ስትሰማ ልብህ «ይሄ ሰውዬ ያን ቀን ጠጥቶ ነበር» ቢልህ አልፈርድብህም፣ ግን እመነኝ፣ ቅዳሜ ነበር፣ በቀን ብርሃን ነበር፣ የጠጣሁትም ሻይ ብቻ ነው። ደግሞ የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ተናድጄ ነው። ስንት ዓመት አለፈ፣ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ጊዜው ክልላችን ክልል ተብሎ ከተደራጀ ጥቂት ዓመት የሆነበት፣ የቢሮው ሁሉ ማኅተም አዲስ፣ ጠረጴዛው ግን አሮጌ የነበረበት ነው። አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭኖ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሠፈራ አምባዎች አንዱ ላይ የወረደ ገበሬ ነው፣ እኔ እዚያው አደግኩ፣ ኮምፒውተር ጥገና ተምሬ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ፈቶ የሚገጥም ሰው በጣት ስለሚቆጠር ቅዳሜና እሑድ ቤት ለቤት እጠራለሁ፣ ስጠራም እየተነጫነጭኩ እሄዳለሁ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፣ አልክድም።

ኡስታዝ ኢብራሂም ጎረቤቴ ነበሩ። የሆሞሻ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው፣ ለሰፈሩ ልጆች ቁርኣን የሚያስተምሩ ሽማግሌ። ዐረብኛን እንደ ውሃ ይጠጡታል፣ አማርኛን ግን ጎልማሳ ሆነው ገበያ ላይ ነው የለመዱት፣ በእሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም «እሱ» ነው። ላሟ «እሱ»፣ ልጃቸው ዘይነብ «እሱ»፣ ሚስታቸው ሐጂራም «እሱ»። ሐጂራ ግንቦት ላይ ስታርፍ፣ ለቅሶው ላይ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ «ሐጂራ ሞተ፣ ጥሩ ሰው ነበረ» ሲሉ፣ እኔ ባለጌው ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩ። ያውም ሐጂራ እንደ ልጇ የምታየኝ፣ «አንቺ» ብዬ የምጠራት፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እርጎ በጣሳ የምትልክልኝ ሴት ነበረች። ይህን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐጂራ የመንጌ ሰው ናት። ፊደል አልቆጠረችም፣ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ወንዝ እየወረደች ወርቅ ስታጥብ ነው ያደገችው። የመንጌ ሰው የበርታ ቋንቋ አነጋገር ከሆሞሻው ይለያል፣ ኡስታዝም ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ እንኳ ሚስታቸው አዲስ ቃል እያወጣች ታስገርማቸው ነበር፣ ስለዚህ አንድ ቀን «ይሄ ቃል ከሐጂራ ጋር አፈር መግባት የለበትም» ብለው መጻፍ ጀመሩ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው በሚያውቁት በዐረብኛው ፊደል ይጽፋሉ። የእህሉን ቃል ጨረሱ፣ የዝናቡን፣ የዘመዱን፣ የበሽታውን ጨረሱ። የወርቅ ማጠቡን ቃል ግን ሐጂራ «እሱ መጨረሻ ላይ፣ እሱ የእኔ ነው» እያለች ታቆየው ነበር፣ እንዳቆየችው ሄደች። ለመማሪያ መጽሐፍ ቃል የሚሰበስቡ ሰዎች ስለ ዝርዝሩ ሰምተው ሰኞ መጥተን እንወስዳለን ብለዋቸዋል፣ ዝርዝሩ ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የእህታቸው ልጅ በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ባመጣላቸው፣ ቁልፎቹ ላይ የዐረብኛ ፊደል በተጻፈበት ኮምፒውተር ውስጥ።

ታዲያ ሰኞ ሊመጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኡስታዝ በሬን አንኳኩ።

«ደምሴ፣ ኮምፒውተር ታመመ። የምጠራው ሌላ፣ የሚመጣው ሌላ።»

«ምን ነክተው ነው ኡስታዝ?»

«ምንም አልነካ። እሱ ‘አሰላሙ ዐለይኩም’ አለ፣ እኔ ‘ወዐለይኩም ሰላም’ አልኩ።»

ነገሩን ስሰማ ደሜ ፈላ። ለካ ኢንተርኔት ሲከፍቱ አንድ ማስታወቂያ በዐረብኛ ሰላምታ ይዞ ብቅ ይላል፣ ከሥሩ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት፣ ኡስታዝ ደግሞ ሰላም ያላቸውን ሰው እምቢ ማለት ነውር ስለሆነባቸው በመጣ ቁጥር «አዎ»ን ይጫናሉ። «ሰላምታ እንዴት ‘አይ’ ይባላል?» አሉኝ፣ ከልባቸው። በእሳቸው አይደለም የተናደድኩት፣ የትም አገር ተቀምጦ የሽማግሌን ጨዋነት ማጥመጃ ባደረገው ውሻ ነው። ቫይረስ ሠሪን ባገኝ ኖሮ ዛሬም አንገቱን ነው የማንቀው።

ቤታቸው ስገባ ዝናብ ጀምሯል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል። «ተቀመጥ፣ ዘይነብ ሻይ ያመጣል» አሉኝ።

«ታመጣለች በሉ እንጂ ኡስታዝ!» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«ታመጣለች፣ ታመጣለች» አሉ እንደ ተማሪ፣ እሳቸውም ሳቁ። ዘይነብ፣ አስተማሪ ናት፣ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፣ ከጓዳ ሆና «ተወው ደምሴ፣ እኔ ስንት ዓመት ለፍቼበታለሁ» አለች።

ሥራ ጀመርኩ። ብሮውዘሩን ስከፍት የሚመጣው የለመድነው ገጽ አይደለም፣ ጥርት ያለ ነጭ ገጽ ነው፣ መሐሉ ላይ አንድ ባዶ ሣጥን ያለበት፣ ሌላ ምንም የለውም። የዜና ገጽ አድራሻ ጻፍኩ፣ ነጩ መጣ። ኢሜይሌን ጠራሁ፣ ነጩ መጣ። ይሄን ዓይነቱን አውቀዋለሁ፣ የፈለግከው ቦታ እንዳትሄድ መንገድ ላይ ጠልፎ ወደ ራሱ የሚወስድ ነው፣ በዚያ ሰሞን የከተማው ኮምፒውተር ግማሹ ይሄ ነበረበት። እጄን አፍታትቼ ገባሁበት። የማላውቃቸውን ፕሮግራሞች አጠፋሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት ከሚነሱት ዝርዝር ውስጥ ስሙ የተዘበራረቀ አንድ ፋይል አግኝቼ ነቀልኩት፣ አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ነጩ ገጽ ቁጭ ብሏል። ዋና ዋናው ብቻ በሚነሳበት በሴፍ ሞድ ገባሁ፣ ከሲዲ ላይ አንቲቫይረስ ጭኜ አንድ ሰዓት ሙሉ አስፈተሽኩት፣ ያገኘውን ሁሉ ገደለ፣ «ንጹሕ ነው» ብሎ ጻፈልኝ፣ አስነሳሁት፣ ነጩ ገጽ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ያን ተረት የተረተው ሰው ቫይረስ ስላላየ ነው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብዬ ልንገርህ።

የስልኩን ሽቦ ነቀልኩ። በዚያን ጊዜ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነው፣ ሽቦው ከተነቀለ ከየትም ምንም አይመጣም። ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጫፉ እጄ አጠገብ ነው፣ እያየሁት ነው። ብሮውዘሩን ከፈትኩ፣ ኢንተርኔቱን በስልክ የሚያገናኘው ሞደም መደወል ጀመረ። የሚያውቀው ያውቀዋል፣ ያ «ቲርርር» የሚል ጩኸት። ሽቦ የሌለው ሞደም «መስመር የለም» ብሎ ዝም ነው የሚለው፣ ይሄ ግን ደወለ፣ ተነሣለት፣ ከዚያ ጩኸቱ ቀነሰና ሌላ ድምፅ ሆነ፣ «ሽው... ሽው... ሽው»፣ ጠጠር ያለበት ውሃ ገበቴ ውስጥ ሲዞር የሚያሰማው ዓይነት። ለራሴ «ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሊሞት ያለ ሃርድ ዲስክ እንደዚያ ያንኳኳል፣ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ አለ።

ነጩ ገጽ መጣ። ሣጥኑ ግን ባዶ አልነበረም። በዐረብኛ ፊደል አንድ ቃል ተጽፎበታል።

«ይኸው፣ የዐረብኛ ማስታወቂያ!» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ። ያን ፊደል ማንበብ አልችልም፣ ስለዚህ ለእኔ ሁሉም ዐረብኛ ነው።

ኡስታዝ ከኋላዬ ጎንበስ ብለው አዩት። ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉ። ከዚያ በቀስታ «ይሄ ዐረብኛ አይደለም» አሉ።

አልሰማኋቸውም ልበል? ሰምቻቸዋለሁ። ግን የተናደደ ሰው ጆሮ ምን ይሠራል። ገጹን ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት፣ ሌላ ቃል። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ሌላ ቃል። ፊደሎቹ በአንድ ጊዜ አይመጡም፣ አንዱ ይመጣና ይቆማል፣ ከዚያ ሌላው፣ መጻፍ የማይችል ሰው እየተመራ የሚጽፍ ይመስል። ያ «ሽው... ሽው» አልተቋረጠም። ዞር ስል ኡስታዝ የቁርኣን ልጆቻቸውን ስም የሚመዘግቡበትን ደብተር አውጥተው፣ በእርሳስ ከስክሪኑ ላይ ይገለብጣሉ።

«ምን ያደርጋሉ ኡስታዝ? የቫይረስ ቃል ምን ይሠራልዎታል?»

«እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ወዳጄ፣ እዚህ ላይ ምን እንዳልኩ ልንገርህ፣ ስነግርህ ራሴን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኛል። ጠዋት «ታመጣለች በሉ» ስላልኳቸው አሁን ደግሞ ሁሉን ሴት ያደረጉት መሰለኝና፣ «ኮምፒውተር እንኳ ‘እሱ’ ነው ኡስታዝ፣ ‘እሱ ይናገራል’ ነው የሚባለው» ብዬ አረምኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቀና ብለው አዩኝ። ወደ ደብተራቸው ተመለሱ።

ስድስት ቃል ጻፉ። እኔ ደግሞ ምክንያት አግኝቻለሁ፣ ብሮውዘር አንዳንዴ ሰው ከዚህ በፊት የጻፈውን ያስታውሳል፣ ከዝርዝሩ ላይ እየለቀመ ነው የሚያወጣው አልኩ። «ይሄ ዝርዝር ውስጥ የለ» አሉኝ። «ረስተውት ነው» አልኳቸው። «ወላሂ፣ የለ» አሉ። ሽማግሌ ምን ያስታውሳል ብዬ ተውኩት፣ ልብ በል፣ ያን ሁሉ ቃል አንድ በአንድ በጣቱ የጻፈውን ሰው ነው የምለው። ዝርዝሩን በሁለት ፍሎፒ ገለበጥኩት፣ ሁለቱንም በቢሮዬ ላፕቶፕ ከፍቼ መኖሩን አረጋገጥኩ፣ ለሰኞ የሚያስፈልገው ነገር ተረፈ። የቀረው አንድ መፍትሔ ነው፣ ፎርማት፣ ውስጡን ጠራርጎ እንደ አዲስ መጫን። የማስነሻውን ሲዲ ከተትኩ።

ኡስታዝ እጄን ያዙኝ።

«ደምሴ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ትንሽ ቆይ። እሷ አልጨረሰችም።»

«ቫይረስ መቼም አይጨርስም!» አልኳቸው፣ ጮኼ ነበር፣ በአባቴ እኩያ ላይ ጮኼ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሰባተኛው ቃል መምጣት ጀምሯል፣ አንድ ፊደል መጣ፣ ቆመ፣ ሁለተኛው መጣ። የማጥፊያውን ቁልፍ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት። ስክሪኑ ጠቆረ።

ያ ድምፅ ቆመ። ከኋላዬ የብርጭቆ ኳኳታ ሰምቼ ዞርኩ፣ ዘይነብ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፣ መቼ እንደመጣች አላውቅም። እኔን አላየችኝም፣ ኮምፒውተሩን ነው ያየችው። ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። እኔም ጠራረግኩት፣ እንደ አዲስ ጫንኩት፣ ብሮውዘሩ የጠራሁትን እያመጣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አሳየኋቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ ኡስታዝ፣ አንገታቸውን ደፍተው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ሰዎቹ መጡ፣ ዝርዝሩን ወሰዱ፣ አመሰገኑ። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ዘይነብ ቢሮዬ መጣች፣ ደብተሩን ይዛለች። ሰላም አላለችኝም።

«አባቴ መንጌ ሄዶ ነበር» አለች ቆማ። «በዚህ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበቱ። ቃሎቹን ለአሮጊቶች አነበበላቸው። ስድስቱንም አወቋቸው።»

«ምንድን ናቸው?»

«የወርቅ ማጠብ ቃሎች። ውሃው መጀመሪያ ሲዞር የሚባለው፣ ወርቁ ወጥቶ ገበቴው ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ፣ እንደዚህ እንደዚህ። አንዱን የምታውቀው አንዲት አሮጊት ብቻ ናት። አባቴ አንዱንም ሰምቶት አያውቅም። እኔም።»

ግትር ነኝና ጀመርኩ፣ ስለ ብሮውዘር ማስታወስ፣ ስለ ሃርድ ዲስክ፣ ስለ ሞደም፣ ሐጂራ በሕይወት እያለች አንዴ ተናግራ እሳቸው ጽፈው ረስተውት ይሆናል...

«ደምሴ» አለች፣ ቁጣዋን እንዴት እንደያዘችው አላውቅም። «አንተ በአባቴ አማርኛ የምትስቅ ሰው ነህ፣ ለቅሶ ላይም አይቼሃለሁ። አንድ ነገር መልስልኝ። አባቴ ከዚያ ቀን በፊት ‘እሷ’ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?»

ወንበር ሳብኩላት፣ አልተቀመጠችም።

«እናቴን ሲቀብር እንኳ ‘ሞተ’ ነው ያለው። ላሟን አይልም፣ እኔን አይልም። ያን ቀን እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት፣ ‘እሷ ትናገራለች’ አለ። ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ነው ሻዩን ይዤ የመጣሁት። አንተ ግን አረምከው።»

ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ገልጣ አሳየችኝ። ስድስት መስመር ሙሉ፣ ሰባተኛው ላይ ሁለት ፊደል። ሁለቱ ፊደል የምን ቃል መጀመሪያ እንደሆነ መንጌ ላይ ያወቀ የለም፣ አንዷ ይህ ነው ስትል ሌላዋ አይደለም አለች። ደብተሩን ይዛ ወጣች፣ በሩን አላጋጨችውም፣ ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ኡስታዝ አልተቆጡኝም። ይቅርታ ልል ስሄድ «ኸላስ፣ አለቀ፣ አንተ ሥራ ሠራህ» ብለው አስቀመጡኝ፣ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፣ ቢሰድቡኝ ኖሮ እኩል እንሆን ነበር። በየቅዳሜው እየሄድኩ ያን ፊደል እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኳቸው፣ ከቁርኣን ልጆቻቸው ኋላ ተቀምጬ ተማርኩ፣ ዛሬ አነባለሁ። ሁለቱን ፊደል ጠቁመው ምን ይመስልሃል እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፣ እኔ የወሎ ልጅ ምን አውቄ። እሳቸውም ሳያውቁት ሞቱ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ደግሞ ሁሉም እንደ ድሮው «እሱ» ነበር፣ አንድም ቀን «እሷ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

አሁን እንዳበቃሁ መስሎህ ይሆናል። እኔም አብቅቷል ብዬ ነበር።

ባለፈው ክረምት ቢሮዬ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ፣ ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ራሴ የገጠምኩት፣ የስልክ ሽቦ የሚባል አይቶ አያውቅም። ብሮውዘሩ ሳልነካው ተከፈተ። ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ፊደል፣ እነዚያው፣ አሁን አነባቸዋለሁ። ከጎናቸው ቀጣዩን ፊደል የምትጠብቀው ሰረዝ ትጠፋለች ትበራለች። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ነኝ የምልህ፣ ሊሆን ይችላል። እጄ ግን ወደ ማጥፊያው አልሄደም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ዐሥር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ በመጨረሻ ተናድጄ «እማ ሐጂራ፣ ጨርሺ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ። ምንም አልመጣም። መብራት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ያን ኮምፒውተር አላጠፋውም። መብራት በጠፋ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ሲመጣ ሮጬ አስነሳዋለሁ። የቢሮ ሰዎች ሲያልፉ ገልመጥ እያደረጉ «ደረቁ ደምሴ፣ አጥፋት እንጂ፣ እሷም ትረፍ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ አላርማቸውም።